የአሥራ አንድ ማሳ ጭስ

ኦቦ ሞሲሳ ሰው ማስቸገር ሞቱ ነው። አንድ ክረምት በሬው ቦይ ውስጥ ገብቶ ቢቀረቀርበት፣ ጎረቤቱ ጉርሙ ድምፅ በሚሰማበት ርቀት ላይ እያረመ፣ እሱ ግማሽ ቀን ብቻውን ከበሬው ጋር ሲታገል ዋለ። በኋላ ጉርሙ ራሱ አይቶ መጣና ተጋግዘው አወጡት። "ምነው አትጠራኝም?" ቢለው "ሥራ ላይ ነበርክ እኮ" አለው። በሬው ሳምንት ሙሉ አነከሰ። አገር ምድሩ ሞሲሳን ጨዋ ይለዋል። ጨዋስ ጨዋ ነው፤ ይህን ለበሬው የሚያስረዳለት ግን አልተገኘም።

ቤቱ ከእጃጂ ከተማ በታች ነው፣ አስፋልቱን ለቆ በባጃጅ ሩብ ሰዓት የሚያስኬድ የበቆሎ አገር። ሚስቱ ካረፈች ሁለት ዓመት አልፏታል፤ ከዚያ ወዲህ በቤቱ ውስጥ ከሬዲዮ በቀር የሚናገር አልነበረም። እህል ውሃውን የጉርሙ ሚስት ለሊሴ ናት የምታደርስለት፤ ያንንም በየቀኑ "አትድከሚ" እያለ፣ በየቀኑ እየተሳቀቀ ነው የሚቀበላት።

ገና በዋለ በሳምንቱ ልጁ ጉዴ ከአምቦ መጣች። ጉዴ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ የተከራየችው አንድ ክፍል ከመናኸሪያው ጀርባ ስለሆነ አቧራውና የመኪናው ጭስ ሌት ተቀን አይለያትም። የስድስት ዓመት ልጇን ጣቢታን ይዛ ነበር የመጣችው። ጣቢታ ዓመት ሙሉ ደረቷ ሲያፏጭ ከርሞ ሐኪሙ አስም ነው አለ፤ "ከአቧራና ከጭስ አርቂያት" ብሎም አዘዘ። ጉዴ ደግሞ አሰበች አሰበችና፣ አቧራና ጭስ የሌለበት አገር ብላ የመጣላት የተወለደችበት መንደር ሆነ። የከተማ ሰው ስለ ገጠር ሲያስብ ክረምቱ ነው የሚታየው፤ ለምለሙ፣ ዝናቡ፣ ታጥቦ የወጣው ሰማይ። ጉዴም በጥር አባቷ ማሳ ላይ ምን እንደሚደረግ ጭራሽ ረስታዋለች።

"ትምህርቷ ለአንድ ዓመት ቢቆይ ምንም አይደል፤ አየሩ ይሻላታል አባ" አለችው። ሞሲሳም አዎ ይሻላታል አለ። ምን ይበል? ሁለት ዓመት ሙሉ ለሬዲዮ ሲመልስ የኖረ ሰው፣ አንዲት ጥርሷ የወለቀ ልጅ "አካኮ" ብላ እጁን ስትይዘው እውነቱን ለመናገር አንደበት ከየት ያመጣል? አካኮ አያቴ ማለት ነው።

ጉዴ ከመሄዷ በፊት ሰማያዊዋን መድኃኒት፣ ሰው ሁሉ ፓፍ የሚላትን፣ አሠራሯን አሳየችው። ይናጣል፤ አፍ ውስጥ ይደረጋል፤ ልጅቷ ወደ ውስጥ ስትስብ ይጫናል፤ ከዚያ አሥር እስኪቆጠር ትንፋሽ ይያዛል። ሞሲሳ መቁጠሩን ያለ ልክ አጥብቆ ያዘውና ከልጅቷ ጋር የራሱንም ትንፋሽ ይዞ መቁጠር ጀመረ። ጣቢታ ስትስቅበት አየሩ ያመልጣትና እንደገና ይጀምራሉ። መድኃኒቷን ከመታወቂያው ጋር በደረት ኪሱ ያዛት። ልጅቷ ከኋላው ኩስ ኩስ እያለች ከብት ታስገባለች፣ ጫጩት ትቆጥራለች፣ ለሊሴ ቤት በልታ ትመጣና እንደገና እሱ ጋር ትበላለች። ሰውየው ዜማ ሲያፏጭ የተሰማው በዚያ ሰሞን ነው። በስንት ዓመቱ!

ነገር ግን ጥር ነው። በቆሎው ተሸልቅቆ ገብቷል፤ ከብቶቹ ቅጠሉን ግጠው አገዳው ብቻ ማሳው ላይ እንደ ቆመ ነው። ያ አገር አገዳውን የሚያቃጥለው ወዶ አይደለም። አገዳ ውስጥ ትል ያድራል፤ ሳይቃጠል ከከረመ በሚቀጥለው ዓመት ቡቃያውን ከልቡ ገብቶ ይበላዋል። ማረሻም አያሳልፍም፣ አይጥም ይራባበታል። ስለዚህ አንዱ ዛሬ፣ ሌላው ከነገ ወዲያ፣ ሁሉም እንደ ሥራው ተራ በተራ ይለኩሳል። ሞሲሳም ዕድሜውን ሙሉ ሲለኩስ ኖሯል። ያ ሁሉ ዘመን ሲያስለው "ብርድ መታኝ" ነበር የሚለው።

የመጀመሪያውን ማሳ ያቃጠሉት ከወንዙ ማዶ ነው፤ ሩቅ ነበር። ቢሆንም ወደ ማታ ነፋሱ ዞረና ጣቢታ ተነፋረቀች፤ ከዚያ ማልቀሷን ትታ ትንፋሿን ብቻ ትከታተል ጀመር። ትከሻዋ ከፍ ዝቅ ይላል፤ ያንገቷ ሥር ጎድጉዶ ይገባል። መድኃኒቷን አራት ጊዜ ነፋላት። ሲሻላት ጭኑ ላይ ተኛች። ይህች ልጅ በእሱ ቤት አንድ ነገር ብትሆን ምን ብሎ ይኖራል? ደግሞም፣ ይህን ለራሱም ማመን አልፈለገም እንጂ፣ ጉዴ ብትሰማ በማግስቱ ትወስዳታለች።

እሁድ ጸሎት ቤት ከስብከቱ በኋላ፣ ማስታወቂያ በሚነገርበት ሰዓት፣ ሞሲሳ ባርኔጣውን በእጁ እያዞረ ተነሣ። ሰዉ ደነገጠ፤ ሞሲሳ ተነሥቶ ሲናገር ያየ አልነበረም።

"የልጅ ልጄ ደረቷ ጭስ አይችልም። እስኪ... ትንሽ ብትታገሱኝ" አለና ተቀመጠ።

ሽማግሌው ኦቦ ዲንሳ "ራኮ ሂንቀቡ፣ ምንም ችግር የለም። የእኛም ልጅ ናት" አሉ። በሞሲሳ ቤት ዙሪያ ገና ያልተቃጠለ ማሳ ያላቸው አሥራ አንድ ሰዎች ነበሩ፤ አሥራ አንዱም አሜን አሉ። አሜን ማለታቸው ደግሞ ከልብ ነበር። ግን እስከ መቼ? ብሎ የጠየቀ የለም፤ ቢጠይቅ የሰሰተ ይመስልበታል። እስከዚህ ቀን ብሎ የወሰነም የለም፤ ቢወስን ሞሲሳ ያዘዘ ይመስልበታል። እንዲሁ ተለያዩ።

አሥራ አንዱ ቃላቸውን ጠበቁ። ጥር አለቀ። አገዳው ግራጫ ሆኖ ቆሟል። በዚህ መሀል ደስ ያለው የልማት ሠራተኛው ኢብሳ ብቻ ነው። ኢብሳ "አገዳ አታቃጥሉ፤ አፈሩ ውስጥ ይበስብስ፤ ማዳበሪያ ነው" እያለ ሁለት ዓመት ሲለፋ ሰሚ ያጣ ሰው ነው፤ አሁን ማሳው ሁሉ ሳይነካ ሲያይ ትምህርቱ የያዘለት መስሎት ለወረዳው ሪፖርት ጻፈ። ገበሬዎቹም እንዳይከፋው ብለው ዝም አሉት።

የካቲት ገባ። የበልጉ ደመና አንድ ሁለት ቀን ብቅ ብሎ ተመለሰ። በዚህ ጊዜ አንደኛ እርሻ መታረስ ነበረበት። ሞሲሳ በጉርሙ ደጅ ሲያልፍ ቀንበሩ ከግድግዳው ላይ እንደተሰቀለ፣ በሬዎቹ ሥራ ፈትተው ሲያመሰኩ ያያል፤ ያኔ አንገቱን ደፍቶ ይፈጥናል። ማንም አንድም ክፉ ቃል አልተናገረውም። ይልቁን እንቁላል ይልኩላታል፣ ማር ይልኩላታል። ደግነታቸው ከበደው። ቢያጉረመርሙ ኖሮ እንዴት በቀለለው! በየዕለቱ "በቃ አቃጥሉ" ሊል ይነሣል፤ ልጅቷን ያያታል፤ ይቀመጣል።

የአምቦው ሐኪም ቀጠሮ ዓርብ ነበር። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ጉርሙ አጥሩን ተደግፎ ቆመ።

"ነገ አምቦ ናችሁ አሉ።"

"አዎ፤ ሐኪሙ ቀጥሯታል።"

"ስንት ቀን ትቆያላችሁ?"

ሞሲሳ ጥያቄው ምን እንደሆነ ገብቶታል። ጉርሙም እንደገባው አውቋል። ሐኪሙ የሚያያት አንድ ቀን ነው፤ ቅዳሜ መመለስ ይችላሉ። ግን አምስት ሳምንት የታገሠን ሰው አንድ ቀን ይበቃሃል እንዴት ይለዋል?

"እስከ እሁድ እንቆያለን። ምናልባት ሰኞም" አለ፤ ቀጥሎም አጥሩን እያየ "አትቸኩሉ" አለ።

"እግዚአብሔር ይማራት" አለ ጉርሙ። ስለ እሳት አንዱም አላነሣም።

ዓርብ ሐኪሙ መሣሪያውን በጣቢታ ጀርባ ላይ እያዘዋወረ አዳመጠ፤ ደጋግሞ አዳመጠ። "ደረቷ ጥሩ ሆኗል። የት ነበር ያከረማችኋት?" አለ። ሞሲሳ "እኔ ጋ" ሲል ድምፁ ከአፉ ከፍ ብሎ ወጣ። ከሐኪም ቤት ሲወጡ ለጣቢታ ብስኩት፣ ለራሱ ምንም ሳይጠማው ለስላሳ ገዛ። ጉዴ አባቷ እንዲህ ሲስቅ ያየችበትን ቀን አታስታውስም።

ማታውን ግን አልሆነለትም። ጉዴ ያለቻትን አንዲት አልጋ ለቃላቸው ራሷ መሬት ላይ ፍራሽ አነጠፈች። ሥጋ ገዝታ ኖሯል፤ ወር መጨረሻ ላይ ሥጋ ምን ማለት እንደሆነ አይጠፋውም። ጠዋት ከመሬት ስትነሣ ወገቧን ይዛ ቀና ስትል አየና በልቡ ወሰነ።

"ዛሬ እንሄዳለን" አላት።

"እሁድ አላልክም እንዴ አባ?"

"ከብቶቹን ለሊሴ ላይ ጥዬ ነው የመጣሁት። ሰው ማስቸገር ነው።"

ለመነችው፤ እምቢ አለ። እዚህ አንድ ሌሊት ተጨማሪ ማደር ልጁን ማስቸገር ነው፤ እዚያ መሄድ ደግሞ... እሱን እያሰበ ነበር መናኸሪያ የደረሰው።

ጣቢታን ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ዳር አስቀምጦ ውጪ ቆመና ስልኩን አወጣ። የጉርሙን ቁጥር አገኘው። ጣቱ ቁልፉ ላይ ነው። ምን ይበል? ዛሬ እንመጣለን፤ እሳት እንዳትለኩሱ? እስከ እሁድ ብሎ ራሱ ነው የሰጣቸው። ሰጥቶ መንጠቅ ሊሆን ነው። ስድስተኛ ሳምንት ታገሱኝ ብሎ ሊለምን ነው። ደግሞስ ዓርብን ሙሉ ውለዋል፤ እስካሁን አቃጥለው ጨርሰው ይሆናል፤ አመዱም በርዶ ይሆናል። እንዲያውም ጨርሰዋል። ረዳቱ "ጌዶ፣ እጃጂ፣ ባኮ፣ ሞላ!" እያለ በሩን ይደበድባል። ሞሲሳ ስልኩን ኪሱ ከተተና ገባ።

እሱ ያላወቀው፣ ዓርብ ዕለት መንደሩ ቀብር ነበረው። ቀብር ባለበት ቀን ደግሞ ማንም ሥራ አይነካም። ስለዚህ አሥራ አንዱ ባለማሳዎች ከቀብር ሲመለሱ መከሩ፦ ልጅቷ እሁድ ትመለሳለች፤ እንደ ወትሮው ተራ በተራ ካልን አንደርስም፤ ነገ በደቦ ሁላችንም በአንድ ቀን ለኩሰን እንጨርስ፤ እስከ እሁድ ነፋሱ አየሩን ያጠራዋል። ከሁሉ አጥብቆ "ሳትመለስ፣ ሳትመለስ" ሲል የነበረው ጉርሙ ነው።

ጉደርን አለፉ። ጌዶ ላይ ብርድ ነበር፤ ከጌዶ ቁልቁለቱን ሲጀምሩ የቆላው አየር ገርጥቶ፣ ተራራው ከሥሩ ጠፍቶ ታየ። ከፊት ያለ ሰው "አገሩን አቃጠሉት" እያለ መስኮቱን ዘጋ። ሌላው "የባኮ በኩል ነው" አለ። ሞሲሳ ይህችን ቃል ያዘ። አዎ፣ ከእጃጂ ወዲያ፣ የባኮ በኩል ነው። ጣቢታ አንድ ሁለት ጊዜ አሳላት፤ ነፋላት፤ አሥር ቆጠሩ።

እጃጂ ባጃጅ ያዙ። ነፋሱ ከአስፋልቱ ወደ ቆላው ስለነበር መጀመሪያ ላይ ሽታው እንኳን የለም። ጉብታውን ዞር ሲሉ ነው መንገዱ ከፊታቸው የጠፋው። ነጂው ፍሬን ያዘ። "ኦቦ፣ ከዚህ ወዲያ አልሄድም፤ ምንም አይታየኝም" አለ። ሞሲሳ ከፍሎት ወረደ፤ ባጃጁም ዞሮ ሄደ። ቤቱ ከዚያ የአምስት መቶ እርምጃ መንገድ ነው። ቤት ገብቼ በሩን እዘጋለሁ፣ አለ በልቡ። የልጅቷን ፊት በጋቢው ከልሎ አዘላትና ጭሱ ውስጥ ገባ።

መቶ እርምጃ ያህል እንደሄደ ነፋሱ ቆመ። ጭሱ መሄጃ አጥቶ ባለበት ተኛ። ከግራም ከቀኝም አገዳው እየተንጣጣ ይነዳል፤ ዓይኑን መግለጥ አልቻለም። ከጀርባው ፉጨቱ ጀመረ። ቆሞ አወረዳትና መድኃኒቷን አፏ ውስጥ አደረገ፤ ጣቢታ ግን መሳብ አቃታት። መድኃኒቱ ከአፏ ተመልሶ እንደ እንፋሎት ወጣ። "ሳቢ እናቴ፣ ሳቢ" ይላታል። ሁለተኛም፣ ሦስተኛም ተጫነ። ከንፈሯ አመድ መሰለ። ያኔ ሞሲሳ ጮኸ። በሬው ቦይ ሲገባ ያልጮኸው፣ ሚስቱ ስትሞት በዝምታ ያለቀሰው ሰው፣ "ጉርሙ!" እያለ ሳንባው እስኪሰነጠቅ ጮኸ።

ጉርሙ እሳት የሚጠብቅበትን ቅርንጫፍ እንደያዘ ከጭሱ ውስጥ ወጣ። ፊቱ ጠቁሯል። ልጅቷን ሲያይ ቅርንጫፉን ጣለ። ከዚያ ነጠቃትና እየሮጠ የዲንሳ ልጅ ሞተር ብስክሌት ጋ አደረሳት። የዲንሳ ልጅ እየነዳ፣ ልጅቷ በመሀል፣ ሞሲሳ ከኋላ ሆኖ እጃጂ ጤና ጣቢያ ገቡ።

ሲስተር ዘቢደር ብዙ አልጠየቀችም። የአምቦ ልጅ ናት፤ እጇ ፈጣን፣ ነገሯ አጭር ነው። ጭንብሉን አጠለቀችላት፣ ኦክስጅኑን ከፈተች፣ መርፌ ወጋቻት። "አምቡላንስ ጠርቻለሁ፤ አምቦ ትሄዳለች" አለች። ከግማሽ ሰዓት በኋላ የጣቢታ ትከሻ መውጣት መውረዱን ቀነስ አደረገ። ጣቷ የአያቷን ሌባ ጣት ጨብጧል። ሞሲሳ መተንፈስ የጀመረው ያን ጊዜ ነው።

ወዲያው ሰዉ መጣ። ዲንሳ መጡ፤ ለሊሴ መጣች፤ አሥራ አንዱም ከነሚስቶቻቸው፣ እሳቱን እንዳጠፉ በዚያው ልብሳቸው፣ በእግርም በሞተርም መጡ። ታማሚ ሳይጠይቁ መቅረት እንዴት ይሆናል? ይልቁንም በራሳቸው እጅ የታመመችውን! ክፍሉ ሞላ። እያንዳንዱ አልጋው አጠገብ ደርሶ፣ ጎንበስ ብሎ፣ ልጅቷን ዓይኗን አይቶ "እግዚአብሔር ይማርሽ" ማለት አለበት። ሴቶቹ ያለቅሳሉ። ጉርሙ ከየት እንዳገኘው እንጃ፣ ትኩስ ወተት በላስቲክ ጠርሙስ ይዟል። በጎነበሱ ቁጥር ከየጋቢው፣ ከየኮቱ፣ ከየሻሹ የአገዳ ጭስ ይተናል።

ጣቢታ አሳላት። ፉጨቱ ተመለሰ።

"እባካችሁ ዞር በሉላት፤ ልብሳችሁ ጭስ ነው" አለች ሲስተር ዘቢደር። እነሱም እሺ ብለው አንድ አንድ እርምጃ ሸሹ። ገብቶ ሳይቀመጡ መውጣት ነውር ነው። ሲስተሯ ደግማ ተናገረች፤ በኦሮምኛም ተናገረች፤ አንገታቸውን ደፉ እንጂ ቀድሞ የሚወጣ ጠፋ። ዞራ ሞሲሳን አየችው። ሰዎቹ የእሱ ሰዎች ናቸው።

ሞሲሳ ተነሣ። "ውጡ" አለ።

ጆሯቸውን አላመኑም።

"ውጡ ከዚህ! ሁላችሁም! ልጄን ልትገድሏት ነው!"

ዲንሳ ባርኔጣቸውን አነሡና ወጡ። ሌሎቹም ተከተሏቸው። ጉርሙ ወተቱን የት እንደሚያኖረው ጨንቆት ትንሽ ቆመ፤ መሬት ላይ አስቀመጠውና ወጣ። ሞሲሳ በሩን በላያቸው ዘጋ። በሕይወቱ በሰው ላይ በር ሲዘጋ የመጀመሪያው ነበር።

ወደ አልጋው ሲመለስ ሲስተር ዘቢደር በመንገዱ ቆመች። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ "እርስዎም፣ አባባ" አለችው።

ኮቱን አሸተተ። ጋቢውን አሸተተ። ከሁሉም የባሰ እሱ ነው የሚሸተው። ጣቢታ ከጭንብሉ ሥር እያየችው ጣቱን ልትይዝ እጇን ዘርግታለች። አልያዛትም። "እመጣለሁ" ብሏት ወጣ።

ውጪ፣ ግድግዳው ሥር ያለው አግዳሚ ላይ ሰዎቹ ተደርድረዋል። የሚያየው የለም። ጉርሙ ጠጋ ብሎ ቦታ ለቀቀለት፤ ተቀመጠ።

"እኔ ነኝ" አለ ጉርሙ። "በአንድ ቀን እንለኩስ ያልኩት እኔ ነኝ። እሁድ የምትመጡ መስሎኝ..."

"ስልክ ይዤ ነበር" አለ ሞሲሳ። "አምቦ መናኸሪያ ቆሜ ቁጥርህን አውጥቼ ነበር። ዛሬ እንመጣለን ማለት አቃተኝ።"

ጉርሙ ወደ እሱ ዞረ። ዓይኑ በጭስ ቀልቷል። ቁጣ የለበትም፤ ነገሩ አልገባውም እንጂ።

"ብትደውል እኮ እንተወው ነበር።"

"አውቃለሁ" አለ ሞሲሳ። "የፈራሁትም እሱን ነው።"